በዓይን የማይታየው ኖራ፦ ናኖ ቴክኖሎጂና ሥነ ጥበብ የሚገናኙበት መንገድ

በደቡብ ምሥራቅ ሜክሲኮ፣ በካምፔቼ ግዛት ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ካላክሙል የምትባል የጥንታዊው ማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። በአውሮፓውያኑ 2004 የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች በሥፍራው የፒራሚድ ቅርጽ ያለውን አንድ ሕንጻ ሲቆፍሩ በግድግዳው ላይ ያልተለመደ ሥዕል አገኙ። ሥዕሉ የነገሥታትን ዙፋን ወይም የጦርነትን ድል አያሳይም፤ የሚያሳየው የገበያ ውሎ ነው። ጨው የሚሸጥ ሰው አለ፤ የበቆሎ እህል ያቀረበ አለ፤ ትምባሆ የያዘ አለ፤ ከበቆሎ የተዘጋጀ አጥሚት መሰል መጠጥ የሚያድል አለ። ስስ ሰማያዊ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት ደግሞ ትልቅ ማሰሮ ለሌላ ሰው ስታሸክም ትታያለች።

ይህ ሥዕል ከተሣለ ከ1 ሺህ 300 ዓመታት በላይ ሆኖታል። በኋላ ዘመን በላዩ ላይ በተሠራው ግንባታ ተሸፍኖ በመኖሩ ተጠብቆ ቆይቷል። ለአየር፣ ለእርጥበትና ለሙቀት መለዋወጥ ሲጋለጥ ግን እንደ ማንኛውም የተቀበረ ሥዕል የመላላጥና የመርገፍ አደጋ ገጠመው። ባለሙያዎች ለመፍትሔ የመረጡት አዲስ የተፈለሰፈ ሙጫን ወይም ማጣበቂያን አልነበረም። የመረጡት የማያ ግንበኞች ራሳቸው ልስኑን የሠሩበትን ኖራ ነው። ልዩነቱ የኖራው ቅንጣት በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ በቅጡ እስከማይለይ ድረስ የደቀቀ መሆኑ ነው።

ይህ ኖራ የናኖ ቴክኖሎጂ ውጤት ነው። ናኖ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ኮምፒውተርን ወይም ሕክምናን ቢሆንም ዘርፉ ከሥነ ጥበብ ጋር ያለው ዝምድና ከስሙ ይልቅ በእጅጉ ያረጀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናኖ ስንት ነው?

ናኖ የሚለው ቃል ምንጩ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ ድንክ ማለት ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ቢባል በናኖ ሜትር ሲሰላ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት ደግሞ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይገመታል። ሳይንቲስቶች አብዛኛውን ጊዜ ናኖ የሚሉት ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ባለው መጠን ውስጥ የሚገኘውን ነገር ነው።

ቁም ነገሩ ግን ማነሱ ብቻ አይደለም። ቁስ በዚህ መጠን ሲደቅቅ ጠባዩ ይለወጣል። በጣት ላይ ቢጫ ሆኖ የሚያበራው ወርቅ በናኖ ቅንጣት ደረጃ በውኃ ውስጥ ሲበተን ቀይ ሆኖ ይታያል። በዝግታ የሚዋሐድ ቁስም ፈጥኖ የሚዋሐድ ይሆናል።

የዚህን ምክንያት የአሲዳማ አፈርን ችግር የሚያውቅ አርሶ አደር በቀላሉ ይረዳዋል። በጎጃምና በአዊ አካባቢ አሲዳማነት ያጠቃውን መሬት ለማከም የሚበተነው የኖራ ድንጋይ ጥሩ ሆኖ ካልተፈጨ ሥራውን በወቅቱ አይሠራም፤ እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ገጽ ይሰፋል፤ ውጤቱም ይፈጥናል። ይኸው ስሌት ወደ ናኖ ሲወርድ የሚያስደንቅ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጣር ቁስ የውጭ ገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ቁስ ጎናቸው አንድ ናኖ ሜትር ወደሆነ ቅንጣቶች መቆራረጥ ቢቻል የቅንጣቶቹ ገጽ ተደምሮ 6 ሺህ ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ሔክታር በላይ ይሆናል። ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ድንጋይ ከሁለት ጥማድ የሚሰፋ ገጽ ያገኛል ማለት ነው።

ከስሙ በፊት የነበረ ጥበብ

ናኖ ቴክኖሎጂ የሚለውን ስያሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት ጃፓናዊው ሳይንቲስት ኖሪዮ ታኒጉቺ ሲሆኑ ጊዜውም 1974 ነበር። ከዚያ 15 ዓመታት አስቀድሞ በ1959 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ቁስን በአተም ደረጃ ማዋቀር የሚቻልበት ዘመን እንደሚመጣ የሚያመላክት ንግግር አድርገው ነበር። ይሁንና ስሙንም ሐሳቡንም ያልሰሙ የእጅ ባለሙያዎች ከዚያ በፊት ከ1 ሺህ 500 ዓመታት በላይ በናኖ ቅንጣት ሲሠሩ ኖረዋል።

ለዚህ በዋቢነት ከሚጠቀሱት አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሊኩርጉስ ዋንጫ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማውያን ዘመን የተሠራው ይህ የመስታወት ዋንጫ ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ ነው፤ ብርሃኑ ከኋላው አልፎ ሲመጣ ግን እንደ ፍም ይቀላል። በዋንጫው ላይ የተቀረጸው በግሪክ አፈ ታሪክ የወይን አምላክ የሚባለውን ዲዮኒሶስን የተዳፈረው ንጉሥ ሊኩርጉስ በወይን ሐረግ ተተብትቦ ሲታነቅ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ሙዚየሙ ዋንጫውን በ1958 ገዝቶ ከያዘው በኋላ የቀለሙ ምሥጢር ተመራማሪዎችን ለዓመታት አነጋግሯል። በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በተደረገ ምርመራ በመስታወቱ ውስጥ ከ50 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለኩ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ተበትነው ተገኝተዋል። መጠናቸውም እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ሚሊዮን እጅ መስታወት ውስጥ 300 እጅ ገደማ ብርና 40 እጅ ገደማ ወርቅ።

የቀለሙ መለዋወጥ ምክንያት ብርሃን ከእነዚህ ቅንጣቶች ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት ይወዛወዛሉ። በዚህም የተወሰኑ የብርሃን ቀለማትን ይውጣሉ፤ ሌሎቹን ወደ መጡበት ይበትናሉ። የተበተነውን የሚያይ ሰው አረንጓዴ ያያል፤ ያለፈውን የሚያይ ቀይ ያያል።

ሁለተኛው ምሳሌ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባሲዶች ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ የተጀመረው አንጸባራቂ የሸክላ ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ብርና መዳብ ያለበትን ውሕድ ከሸክላ አፈር ጋር ለውሰው አስቀድሞ በተተኮሰና መስታወታማ ልባስ ባለው ዕቃ ላይ ይሥሉበት ነበር። ቀጥሎም ዕቃውን ጭስ በበዛበትና አየር ባጠረው እቶን ለዳግም ቃጠሎ ያስገቡታል። በዚህ ጊዜ ብሩና መዳቡ በልባሱ ውስጥ የናኖ ቅንጣት ሆነው ይቀራሉ፤ ጭቃው ሲጠረግም እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ሥዕል ይወጣል። ጥበቡ ከኢራቅ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ስፔንና ጣሊያን ተሻግሯል። በቱኒዚያ የካይሩዋን ታላቁ መስጊድ የጸሎት አቅጣጫ ማሳያ ዙሪያ የተለጠፉት የዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጡቦች ዛሬም የዚሁ ሥራ ምስክር ናቸው።

በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶች ላይ የሚታየው ቢጫ ቀለምም ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠራው በመስታወቱ ገጽ ውስጥ በሚሰርግ የብር ቅንጣት ነው። በእነዚሁ መስኮቶች ላይ የሚታየው ቀይ ሁሉ ከወርቅ የተገኘ እንደሆነ በተደጋጋሚ ቢነገርም በመካከለኛው ዘመን የነበረው ቀይ መስታወት በአብዛኛው ቀለሙን ያገኘው ከመዳብ ነው። የወርቅ ቀይ መስታወት በአውሮፓ በስፋት የታወቀው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው።

ከቅጠልና ከሸክላ አፈር የተወለደ ሰማያዊ

ወደ ማያ ሕዝብ ስንመለስ ምሳሌው ከማሳ ይነሳል። ማያዎች ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል ቅጠል ሰማያዊ ማቅለሚያ ያወጡ ነበር። ኢንዲጎ ለጨርቅ መልካም ቢሆንም ለግድግዳ አይበጅም፤ በብርሃን ይደበዝዛል፤ በአሲድም ይበላሻል። የማያ ባለሙያዎች ግን ይህን ማቅለሚያ ፓሊጎርስካይት ከሚባል የሸክላ አፈር ጋር ቀላቅለው በማሞቅ ጸንቶ የሚኖር ቀለም ፈጠሩ።

ፓሊጎርስካይት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መርፌ የቀጠነ ሲሆን በውስጡ ስፋታቸው ከአንድ ናኖ ሜትር በታች የሆኑ ቦዮች አሉት። ሲሞቅ በቦዮቹ ውስጥ የነበረው ውኃ ይወጣል፤ የኢንዲጎው ሞለኪውል ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ብርሃንም ሆነ አሲድ በቀላሉ አይደርስበትም። ይህ ቀለም ዛሬ የማያ ሰማያዊ ተብሎ ይታወቃል። በቦናምፓክ፣ በቺቼን ኢትዛና በካላክሙል በሚገኙ ቅርሶች ላይ ታይቷል። ከዕፅዋት የተገኘን ለስላሳ ቀለም በማዕድን ውስጥ አሽጎ ማቆየት የዘመኑ የቁስ ሳይንስ የሚመኘው ሥራ ነው። ማያዎች ይህን ያደረጉት በእሳት፣ በአፈርና በቅጠል ነው።

ሳይንስ ምሥጢሩን የፈታበት ጉዞ

የእጅ ባለሙያው ያውቅ የነበረው እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ለምን እንደሚሆን የሚለው ጥያቄ ግን ምላሽ ለማግኘት ብዙ ዘመን ጠብቋል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1857 ባቀረቡት ጥናት በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ እጅግ የደቀቀ ወርቅ ቀይ ቀለም እንደሚሰጥና ይህም ከቅንጣቱ ማነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክተዋል። እርሳቸው ያዘጋጁት የወርቅ ብጥብጥ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ በ1908 ብርሃን ከደቃቅ ሉላዊ ቅንጣቶች ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በሒሳብ አስቀመጡ። ከመስታወት ፋብሪካ ሥራ ተነስተው የወርቅ ቀይ መስታወትን ምሥጢር ያጠኑት ሪቻርድ ዚግሞንዲ ደግሞ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይለዩ ቅንጣቶችን መኖር የሚያሳይ መሣሪያ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሠርተዋል፤ የ1925 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትም ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ለሳይንሱ መንገድ ከከፈቱት አንዱ የባለሙያው የመስታወት እቶን ነው ማለት ይቻላል።

የግድግዳ ሥዕል እንዴት ይታመማል?

ናኖ ቴክኖሎጂ ዛሬ ለጥበብ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች መካከል ጎልቶ የሚታየው ቅርስን መታደግ ነው። ይህን ለመረዳት ፍሬስኮ የሚባለውን የግድግዳ ሥዕል አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። የተቃጠለው ኖራ ውኃ ሲጨመርበት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደሚባል ነጭ ሊጥ ይለወጣል። ግንበኛው ይህን ከአሸዋ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን ይለስናል። ሠዓሊው ልስኑ ሳይደርቅ በውኃ የተበጠበጠ የቀለም ዱቄት ይቀባበታል። ከዚያ በኋላ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ድንጋይ ይሆናል፤ ቀለሙንም በውስጡ ይዞ ይጠነክራል። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ አይደለም፤ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ነው።

ጠላቱ እርጥበትና ጨው ነው። ከአፈር ወደ ግድግዳ የሚወጣ ውኃ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው በልስኑ ውስጥ እየደደረ ይገፋዋል። በአየር ብክለት የሚመጣው ሰልፈር ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔቱን ወደ ጂፕሰም፣ በተለምዶ ጄሶ ወደምንለው ቁስ ይለውጠዋል። ጄሶው ከቀድሞው ቁስ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የቀለሙ ገጽ ያብጣል፤ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም እንደ ዱቄት ይረግፋል። ልስኑን አጣብቆ የያዘው ኖራ ሲያልቅ ሥዕሉ የሚቆምበት መሠረት ያጣል።

ከፍሎረንስ ጎርፍ የተነሳ ሐሳብ

ኅዳር ወር 1966 በገባ በአራተኛው ቀን የአርኖ ወንዝ ሞልቶ የጣሊያኗን የፍሎረንስ ከተማ አጥለቀለቃት። ጎርፉ ከየቤቱ ምድር ቤት የወጣ የማሞቂያ ነዳጅና ጭቃ ይዞ ወደ አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ ሙዚየሞች ገባ። በሳንታ ክሮቼ የነበረው የሠዓሊው ቺማቡዌ ስቅለት አብዛኛውን ቀለሙን አጣ። ውኃው ከጎደለ በኋላ ደግሞ ግድግዳዎቹ የጠጡት እርጥበት ጨዉን ወደ ሥዕሎቹ እየገፋ ማውጣት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ኤንዞ ፌሮኒ ከሥዕል ጥገና ባለሙያው ዲኖ ዲኒ ጋር በመሆን አዲስ የሕክምና ዘዴ አዘጋጁ። ዘዴው በመጀመሪያ ጄሶውን በአሞኒየም ካርቦኔት ይፈታል፤ ቀጥሎም በባሪየም ሃይድሮክሳይድ ሰልፌቱን ጉዳት ወደማያደርስ ቁስ ይለውጣል፤ ልስኑንም ያጸናል። በሳን ማርኮ ገዳም የፍራ አንጄሊኮ ሥዕሎች በዚህ መንገድ ታክመዋል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ሥዕሉን በባዕድ ሙጫ ከመለጠፍ ይልቅ ሕመሙን ያመጣውን ኬሚካላዊ ለውጥ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ይህን መንገድ የተከተሉት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፒዬሮ ባሊዮኒና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አነሱ። ልስኑ ያጣው ኖራ ከሆነ ለምን ኖራውን ራሱን አንመልስለትም?

ደቃቁ ኖራ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አፈጻጸሙ አስቸጋሪ ነበር። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውኃ ሊያሟሟ የሚችለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 1 ነጥብ 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቂ ኖራ ወደ ልስኑ ለማስገባት ብዙ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ ጨዉን የሚቀሰቅስ ጠላት ነው። ያልሟሟ ኖራ በውኃ በጥብጦ መቀባት ቢሞከር ቅንጣቶቹ ከልስኑ ቀዳዳ ስለሚበልጡ ላይ ላዩን ቀርተው ሥዕሉን በነጭ ይሸፍኑታል።

መፍትሔው ሁለት ነገሮችን መለወጥ ነበር። አንደኛው የቅንጣቱ መጠን ነው። ተመራማሪዎቹ ኖራውን በኬሚካላዊ መንገድ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር በሚለኩ ቅንጣቶች አዘጋጁት። ሁለተኛው ተሸካሚው ፈሳሽ ነው። በውኃ ፋንታ አልኮል ተጠቀሙ፤ በአልኮል ውስጥ ቅንጣቶቹ ቶሎ አይዘቅጡም፤ አልኮሉም ጨዉን ሳያሟሟ ቶሎ ይተናል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያው በሥዕሉ ገጽ ላይ ስስ የጃፓን ወረቀት አኑሮ ፈሳሹን በብሩሽ ያጠጣል። ፈሳሹ በቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ አልኮሉ ሲተን ኖራው ይቀራል። በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ኖራው በመጠነኛ እርጥበት እየታገዘ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ወደ ካልሲየም ካርቦኔትም ይለወጣል። የተላላጠው ቀለም ከልስኑ ጋር ይያያዛል። ሰልፌት በበዛበት ግድግዳ ላይ የባሪየም ሃይድሮክሳይድ ናኖ ቅንጣት አብሮ ይጨመራል። ከሥራው በኋላ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ነገር የጥንቱ ግንበኛ ካኖረው ጋር ተመሳሳይ ነው። በካላክሙል የገበያ ሥዕል ላይ የተሠራውም የጣሊያንና የሜክሲኮ ባለሙያዎች በመተባበር ያከናወኑት ይኸው ሥራ ነው።

ተመሳሳይ ቅንጣቶች ከግድግዳ ሥዕል ባሻገር በአሲድ ለሚበላ አሮጌ ወረቀትም ያገለግላሉ። የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወረቀት በአሠራሩ ምክንያት አሲድ ስለሚያመነጭ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። ደቃቁ ኖራ በወረቀቱ ክሮች መካከል ገብቶ አሲዱን ያመክናል። በአሲዳማ ማሳ ላይ የሚበተነው ኖራ የሚሠራው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

መልካም የታሰበ ስሕተት

ከናኖ ኖራ በፊት በብዙ ሀገራት የሚላላጡ ሥዕሎች የሚታከሙት አክሪሊክንና መሰል ሰው ሠራሽ ፖሊመሮችን በመቀባት ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ይህ ዘዴ በመጀመሪያ ጥሩ ውጤት ያሳየ ይመስላል፤ ቀለሙ ይደምቃል፤ የሚረግፈውም ይቆማል። ችግሩ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ፖሊመሩ የግድግዳውን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይደፍናል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ጨው ከፖሊመሩ ሥር ይከማቻል፤ በመጨረሻም የቀለሙን ገጽ ከነሽፋኑ ገንጥሎ ይጥለዋል። ሙቀትና እርጥበት በሚበዛባቸው የሜክሲኮ የቅርስ ሥፍራዎች በዚህ ምክንያት የተጎዱ ሥዕሎች ጥቂት አይደሉም። ያረጀ ፖሊመር በቀላሉ አለመሟሟቱ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ለዚህም ናኖ ሳይንስ ሌላ መሣሪያ አቅርቧል። በጣም ጥቂት ማሟሟቻ በናኖ ጠብታዎች መልክ በውኃ ውስጥ ተበትኖ ያረጀውን ፖሊመር አሳብጦ ከሥዕሉ ላይ ያላቅቀዋል። ውኃን በውስጣቸው ይዘው ቀስ በቀስ ብቻ የሚለቁ ለስላሳ ጄሎችም ቆሻሻን ያለ ፍትጊያ ለማንሳት ያገለግላሉ። በሌላ አነጋገር የዛሬው ሳይንስ ከሚሠራው ከፊሉ የትናንቱን ጥገና መጠገን ነው።

ናኖ ኖራም ቢሆን ገደብ አለው። ከመጠን በላይ ከተቀባ በሥዕሉ ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። ወደ ውስጥ የሚሰርግበት ጥልቀት ውሱን ስለሆነ በእጅጉ የተቦረቦረን ግድግዳ ብቻውን አያጸናም። ኖራ ላልሆነ መሠረት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። የእርጥበቱ ምንጭ ካልተዘጋም የተመለሰው ኖራ እንደገና ይታጠባል። ደቃቅ ቅንጣቶችና አልኮል በሚያዙበት ሥፍራ የባለሙያውን ሳንባ ከትንፋሽ ጉዳት፣ ክፍሉንም ከእሳት መጠበቅ ግዴታ ነው።

አዲስ ጥበብ፣ አዲስ ክርክር

ናኖ ቴክኖሎጂ የጥንቱን ከመጠበቅ አልፎ አዲስ ሥራም ወልዷል። በ2013 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በመዳብ ገጽ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ ልጅ በአተም ሲጫወት የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርተዋል። ፊልሙ የተሰናዳው ከ242 ምስሎች ነው።

በ2014 ደግሞ አንድ የብሪታንያ ኩባንያ ቫንታብላክ የተባለ ልባስ ይፋ አደረገ። ቀጥ ብለው ከቆሙ የካርቦን ናኖ ቱቦዎች የተሠራው ይህ ልባስ የሚያርፍበትን ብርሃን 99 ነጥብ 965 በመቶ ይውጣል፤ የተቀባ ነገር ቅርጹ ጠፍቶ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል። በ2016 ልባሱን ለሥነ ጥበብ የመጠቀም መብት ለቀራጺው አኒሽ ካፑር ብቻ መሰጠቱ ሲሰማ በርካታ ሠዓሊዎች ተቃወሙ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ስቱዋርት ሴምፕል በበኩላቸው ከካፑር በስተቀር ለማንም የሚሸጥ ደማቅ ሮዝ ቀለም አቅርበው ምላሽ ሰጥተዋል። ክርክሩ ቀልድ ቢቀላቀልበትም ጥያቄው ግን ቁም ነገር ነው። የማያን ሰማያዊ ያገኘው ባለሙያ ስሙ አይታወቅም፤ የዛሬው ቀለም ግን ባለቤትና ፈቃድ አለው።

ለኢትዮጵያ የሚነግረው

የኢትዮጵያ ቅርሶች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት ናኖ ኖራን እንዳለ ገዝቶ መቀባት አይደለም። በጣና ሐይቅ ገዳማትና በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያሉት ሥዕሎች በአብዛኛው በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የተሣሉ ፍሬስኮዎች አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የጨርቁ፣ የማጣበቂያው፣ ከሥሩ ያለው የጭድና የጭቃ ምርጊት ጠባይ ከኖራ ልስን ይለያል። የብራና መጻሕፍትም ከእንስሳት ቆዳ የተሠሩ ስለሆኑ ለወረቀት የተዘጋጀ መድኃኒት በቀጥታ አይሆናቸውም። ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ከራሱ ቁስ መነሳት አለበት።

ኖራን በሚመለከት ግን የጎንደር አብያተ መንግሥት ታሪክ ቅርብ ምሳሌ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ፋሲል ካስጀመሩት አንስቶ ግንቦቹ የታነጹት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ የጠነከረና ውኃ የማያሳልፍ በመሆኑ እርጥበቱን በአሮጌው ግንብ ውስጥ አፍኖ ያስቀራል። በኋላ በተከናወኑ ጥገናዎች ወደ ኖራ መመለስ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም በሜክሲኮ በፖሊመር ከደረሰው ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ጠንካራው ሁልጊዜ ተስማሚው አይደለም።

የፍሎረንሱ ኬሚስት ናኖ ኖራን ከማዘጋጀቱ በፊት የጥንቱ ግንበኛ ምን እንዳቦካ ማወቅ ነበረበት። ቤተ ሙከራው የሚጀምረው የእጅ ባለሙያው ካቆመበት ነው። ኖራ አቃጥሎ የሚያጠምቅ፣ ብራና ፍቆ የሚወጥር፣ ከጥላሸት ቀለም የሚበጠብጥና የሥዕል ጨርቅ የሚያጣብቅ ሰው ዛሬም በገጠርና በገዳማት አለ፤ የሙያው ወራሽ ግን እየሳሳ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አፈር ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚጠመቅ፣ ምን እንደሚቀላቀልበት በጊዜው ካልተመዘገበ ነገ ናኖ ሜትር የሚለካ መሣሪያ ቢገኝ እንኳ ወደ ምን መመለስ እንዳለበት የሚነግረው አይኖርም።